ጦስኝን ለማራባት ተራራውን መንቀል አያስፈልግም

ሰሞኑን ስለ ጦስኝ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ለእኔም ደረሰኝ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ጦስኝ የዱር ተክል ስለሆነ ጓሮ ውስጥ አይጸድቅም። ቅርንጫፉን ቆርጦ መትከል ከንቱ ልፋት ነው። የግድ ቤቴ ይኑር ያለ ሰው በሐምሌ ከነሥሩ ነቅሎ ያምጣና ፍግ በበዛበት አፈር ይትከለው። ካልሆነም ቅርንጫፉን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያቁመው፤ ሥር አልሰድ ካለው ዩሪያ በጥብጦ ይንከረው። ቢጸድቅ እንኳን ሽታው ይጠፋል፣ ንብም ይሰበስባል። ደግሞስ ገበያ ላይ በርካሽ እያለ ምን ያደክማል? ይላሉ ጸሐፊው።

ጸሐፊው ጦስኝ እንደሚወዱ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ስለ ሻዩ የጻፉት ደስ ይላል፤ በእሱ ምንም ጠብ የለኝም። ምክራቸው ግን ሰሜን ሸዋ ላይ ሲደርስ ጉዳት አለው። እዚህ ጦስኙ ያለው ከደጃችን ነው። «ከነሥሩ ንቀሉ» የተባለ ሰው መቆፈሪያውን ይዞ ጣርማ በር ለመውጣት ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ለዚህ ነው። ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ከመጀመሪያው ልነሳ፤ ጦስኝ የዱር ስለሆነ ጓሮ አይጸድቅም ከሚለው። የዱር ያልነበረ ተክል የትኛው ነው? የጥብስ ቅጠሉን እንመልከት። አገሩ የሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ ነው። ዛሬ ግን ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸኖ ብትሄዱ የብዙ ሰው አጥር ሥር ቆሟል። እዚያ እንዴት ደረሰ? አንድ ሰው ከጎረቤቱ አንድ ቅርንጫፍ ሰብሮ ወስዶ ስለተከለ ነው። ዳማ ከሴም እንደዚያው። ታማሚ ያለበት ቤት ሲለመን የሚሰጠው ቅርንጫፍ ስንት ጓሮ ላይ ጸድቋል! የጥብስ ቅጠልም፣ ዳማ ከሴም፣ በሶብላም፣ ናናም፣ ጦስኝም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ቅጠላቸው ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል። ለጋ ግንዳቸውን በጣት ቢያንከባልሉት አራት ማዕዘን መሆኑ ይታወቃል። የዚህ ቤተሰብ አንዱ ትልቅ ባሕርይ ደግሞ ከግንዱ ላይ ሥር ማውጣት አለመቸገሩ ነው።

የሩቅ ዘመድም አላቸው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ንቦች የሚሻሙበት ሞናርዳ የሚባል ተክል አለ። እሱም የናና ቤተሰብ ነው፤ ቅጠሉም ሻይ ይፈላበታል። ከዝርያዎቹ በአንዳንዶቹ ቅጠል ውስጥ ደግሞ ቲሞል አለ፤ የእኛን ጦስኝ ያንን የሚያውድ፣ ጉሮሮ የሚከፍት ሽታ ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ ማለት ነው። ሞናርዳም በጫካ ዳርና በሣር ሜዳ የሚበቅል የዱር ተክል ነበር። ዛሬ የጓሮ ተክልም ነው። ሰዎች የሚያባዙት ያላበበውን ለጋ ጫፍ ቆርጠው በመትከል ወይም የደረሰውን ጉቶ በመክፈል ነው። አሜሪካዊው ለሞናርዳ ያደረገውን የመንዝ ሰው ለጦስኝ የማያደርግበት አንድም ምክንያት አይታየኝም።

ከፍታውንም እንየው። ጦስኝ የደጋና የውርጭ አገር ተክል ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,250 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 4,000 ሜትር ድረስ ይገኛል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እነዚህ ከተሞች ለጦስኝ ባዕድ አገር አይደሉም፤ የራሱ ቤት ናቸው። ጸሐፊው «ከተራራው ሲወርድ ይሞታል» ያሉት እውነት የሚሆነው ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሙቀቱ ለጦስኝ አይሆነውም። እዚያ ላለ ወዳጅ በሶብላውን ይዞ ቢቀመጥ ይሻለዋል እላለሁ። ለደብረ ብርሃን፣ ለደብረ ሲና፣ ለአንኮበር፣ ለሞላሌ ሰው ግን ይህ ምክንያት አይሠራም።

ታዲያ ሰዎች አምጥተው ተክለው ለምን ይሞትባቸዋል? እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ነጥብ የሚመጣው፤ ከነሥሩ ይነቀል የሚለው። በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትቀየሙኝ፤ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው።

ጦስኝ ገደል ላይ ስታዩት ሥሩ በድንጋይ መሐል ገብቷል። ከላይ የሚታየው ወፍራሙ ሥር ተክሉን መሬት ላይ ይይዘዋል እንጂ ውሃ አይጠጣለትም። ውሃውን የሚጠጡት ጫፍ ላይ ያሉት፣ በዐይን ለማየት እንኳን የሚያስቸግሩት ቀጫጭኖቹ ናቸው። ተክሉን ጨብጣችሁ ስትጎትቱ እነዚያ ድንጋይ ውስጥ ይቀራሉ። እጃችሁ ላይ የሚቀረው ወፍራም ሥርና ብዙ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ውሃ ይለቃል፣ ሥሩ አይተካም። ሳምንት ሳይሞላው ቡናማ ይሆናል። ከዚያ «አይ ጦስኝ! የዱር ነው፣ ቤት አይወድም» ይባላል። ተክሉ ቤት ጠልቶ ሳይሆን ሥሩ ተበጥሶበት ነው የሞተው።

ይህ በአንድ ሰው ጓሮ የሚያልቅ ነገር ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። የተነቀለበት ቦታስ? ጦስኝ መሬት ላይ ተነጥፎ የሚያድግ ተክል ነው። በዚያ ገደል ላይ ቀጭኑን አፈር ይዞ የሚያቆየው እሱና ሣሩ ናቸው። ሲነቀል ጉድጓድ ይቀራል፤ በሐምሌ ጎርፍ ያ ጉድጓድ ይሰፋል። በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ቦታ ጦስኝ የለም፤ ሊበቅልበት የሚችል አፈርም የለም። ይህ የጦስኝ ዝርያ ደግሞ የእኛው የሐበሻ ደጋ ተክል ነው። ሌላ አገር ሄደን የምናመጣው አይደለም።

ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ግን ሌላ ነው። ለጋው ጫፍ ሲቆረጥ እናቲቱ ከጎን ታቆጠቁጣለች፤ እንዲያውም ትደልባለች። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለው። እንጨት ወደሆነው፣ ቅጠል ወደሌለበት ያረጀ ግንድ ድረስ አውርዳችሁ አትቁረጡ። ከዚያ ላይ ማቆጥቆጥ ያቅተዋል። አረንጓዴ ቅጠል ትታችሁ ከላይ ከላይ ቁረጡ።

አሁን ጸሐፊው «አይጸድቅም» ወዳሉት ቁራጭ እንምጣ። አንድ የጦስኝ ቅርንጫፍ አንስታችሁ ቀረብ አድርጋችሁ እዩት። ጫፉ አረንጓዴና ልስልስ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ቀይ ይሆናል፤ ከዚያ ቡናማ። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሚወጡበት ቦታ ሁሉ ግንዱ ትንሽ አበጥ ያለ አንጓ አለ። ቅርንጫፉ መሬት ላይ ተኝቶ የነበረ ከሆነ አንጓው ሥር ነጫጭ ጭረቶች ታያላችሁ። ሥር ናቸው። ማንም ሳያስተምረው፣ አፈር ስለነካው ብቻ ሥር ማውጣት ጀምሯል። ተክሉ ራሱ የሚያደርገውን ነገር እኛ ስናደርገው አይሆንም ማለት እንዴት ይቻላል?

የሚሆንበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የቅርንጫፉ ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ይሠራል። ሆርሞኑ በግንዱ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ መውረጃ ያጣና ከተቆረጠው ቦታ በላይ ይጠራቀማል። አንጓው አካባቢ ያሉት ሕዋሳት ያን ጊዜ ሥር መሥራት ይጀምራሉ። የእኛ ሥራ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ሥሩ እስኪወጣ ቅጠሉ እንዳይደርቅ፣ ግንዱም እንዳይበሰብስ መጠበቅ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳይጠነክር ያላበበ ጫፍ ምረጡ። አበባ የያዘ ቅርንጫፍ ጉልበቱን አበባው ላይ ስለሚያጠፋ ሥር ለመስደድ ይለግማል። ርዝመቱ ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከታች ገና ቡናማ መሆን የጀመረ። በአዲስ ምላጭ ልክ ከአንጓው በታች ቁረጡት። መቀስ ግንዱን ስለሚጨፈልቀው ምላጭ ይሻላል። ከዚያ ጫፉን በአንድ እጅ ይዛችሁ በሌላው እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት የታችኛውን ግማሽ ቅጠል ወደ ታች ሸምጥጡት። የተሸመጠጠው ሻይ ውስጥ ይገባል፤ አይጣልም።

አፈሩ ሁለት እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ተራ አፈር ይሁን። ፍግ አያስፈልግም። ታቹ የተበሳ ጣሳ ወይም አሮጌ ጆግ ይበቃል። አፈሩን አርጥቡና በቀጭን እንጨት ቀዳዳ ሥሩ። ቁራጩን በቀጥታ አትውጉት፤ የተቆረጠው ጫፍ አሸዋ ሲፈትገው ይቆስላል። ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ እስኪገባ አስገቡትና ዙሪያውን በጣት ጠቅጠቅ አድርጉት። አንድ ጣሳ ላይ አራት አምስት ቁራጭ መትከል ይቻላል፤ ሁሉም ላይጸድቅ ስለሚችል እንዲያውም ይመከራል።

ከላዩ ከወገቡ የተቆረጠ ሃይላንድ ድፉበት። ክዳኑን ቀን ቀን ክፈቱለት፣ ማታ ዝጉለት። ይህች የሃይላንድ ጉዳይ ቀላል ትመስላለች፤ ግን የደብረ ብርሃን ንፋስ ሥር የሌለውን ቁራጭ በአንድ ከሰዓት ነው የሚያደርቀው። ጣሳው ብርሃን ያለበት፣ የቀትር ፀሐይ የማያገኘው በረንዳ ላይ ይቀመጥ። ውሃ የምታጠጡት አፈሩን በጣት ነክታችሁ ላዩ ደረቅ ሲል ብቻ ነው። ጦስኝን ከጥማት ይልቅ የሚገድለው ርጥበት ነው።

ከሦስት ሳምንት ጀምሮ ሥር ሊይዝ ይችላል። በእኛ ብርድ ግን ከወር በላይ ቢቆይ አይግረማችሁ። ለማወቅ ጫፉን ይዛችሁ በጣም በቀስታ ሳብ አድርጉት። እምቢ ካለ ይዟል። አዲስ ቅጠል ማውጣትም አንድ ምልክት ነው፤ ግን ብቻውን አይታመንም፤ ግንዱ ውስጥ በቀረው ስንቅ የሚያቆጠቁጥ አለና። ሥር ከያዘ በኋላ ሃይላንዱን አንዴ አታንሱት። መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት፣ ከዚያ ለግማሽ ቀን እያላችሁ በሳምንት ውስጥ ንፋሱን አለማምዱት። ጫፉን ቆንጠጥ ብታደርጉት ደግሞ ወደ ጎን ይበዛል።

ይህ ሁሉ ይከብደኛል ለሚል ሰው ከዚህም የሚቀል መንገድ አለ። ጦስኝ ካለው ጎረቤት ፈቃድ ጠይቁና አንዱን ረጅም ቅርንጫፍ ሳትቆርጡ መሬት ላይ አስተኙት። መሐሉን አፈር አልብሱትና ድንጋይ ጫኑበት። ጫፉ ውጭ ይቅር። ሁለት ወር ገደማ ቆይታችሁ ድንጋዩን ስታነሡ ሥር ሰድዶ ታገኙታላችሁ። ያኔ ከእናቲቱ ቆርጣችሁ ውሰዱት። በዚህ መንገድ የማጣት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው፤ ምክንያቱም ሥር እስኪያወጣ ድረስ እናቲቱ እየመገበችው ነው።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ብርጭቆ ውሃ። ይህ ለናና ግሩም ነው። ለበሶብላም፣ ለዳማ ከሴም ይሠራል። ጸሐፊው ከእነዚህ ተነስተው ለጦስኝም ይሆናል ያሉ ይመስለኛል። የጦስኝ ግንድ ግን ቶሎ እንጨት ይሆናል፤ ውሃ ውስጥ ሲቆም ከታቹ ይጠቁርና ይበሰብሳል። ቢያወጣም ውሃ ውስጥ የወጣ ሥር አፈር ሲገባ ይቸገራል፤ ተሰባሪ ነው፣ አፈር ውስጥ ውሃ የሚስቡት ጥቃቅን ፀጉሮችም የሉትም። የግድ በውሃ እሞክራለሁ ያለ ሰው አረንጓዴውን ጫፍ ብቻ ይጠቀም፤ ቅጠል ውሃ ውስጥ አይግባ፤ ውሃውን በየቀኑ ይቀይር። ሥሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲሆን ሳይረዝም ወደ አሸዋ ያዛውረው። እኔ ግን አሸዋ እያለ ለምን?

የዩሪያው ምክር ግን ከሁሉም የባሰ ነው፤ ሰውም ቶሎ የሚያደርገው እሱን ነው። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን የሚጠቅመው ሥር ላለው፣ ቅጠል ለሚያበዛ ተክል ነው። ሥር የሌለው ቁራጭ ምኑን ይመገበዋል? ይልቁንም የተበጠበጠው ማዳበሪያ ከተቆረጠው ጫፍ ላይ ውሃውን ስቦ ያቃጥለዋል። በአንድ ቀን ጠቁሮ ታዩታላችሁ። ማዳበሪያ ለስንዴው ነው፤ ለስንዴውም ቢሆን በልኩ።

ማርና እሬት የሚቀቡም አሉ፤ ጸሐፊው ባያነሱትም ደጋግሜ ስለምሰማው ልናገር። ማር ሻጋታን ሊከላከል ይችላል፤ ሥር የሚያወጣ ሆርሞን ግን አይደለም። ጉዳት የለውምና ማድረግ የፈለገ ያድርግ። ሱቅ የሚሸጠው የሥር ማውጫ ዱቄት በፋብሪካ የተሠራ የኦክሲን ዘመድ ነው። ይረዳል። ጦስኝ ግን ያለእሱም ያወጣል፤ ብራችሁን ለዚህ አታውጡ።

አራተኛው ሐምሌ ነው። እዚህ ላይ የጸሐፊው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ችግኝ በክረምት ነው የሚተከለው፤ ከልጅነታችን የምናውቀው ይህንኑ ነው። ግን ሥር ያለው ችግኝ ሌላ፣ ሥር የሌለው ቁራጭ ሌላ። በሐምሌ ጭጋግ ደብረ ሲና ላይ ፀሐይ ሳናይ ስንት ቀን እንደምንሰነብት እናውቃለን። አፈሩ አይደርቅም። ቁራጩ ሥር ከማውጣቱ በፊት ይሻግታል። በዚያ ላይ ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ከተተከለ ውሃው አይወርድለትም፤ ታፍኖ ይሞታል።

ለቁራጭ የሚሻለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ነው። ውርጩ አልፏል፣ ቀኑ ሞቅ ይላል፣ በመንዝ በኩል የበልግ ዝናብም ጠብ ይላል። ሥር የያዘውን ደግሞ ሰኔ ላይ ወደ መሬት ብታወርዱት ክረምቱ ራሱ ያሳድገዋል። ሁለተኛው ዕድል ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ነው። ያኔ ጦስኙ ያብባልና ያላበበ ጫፍ መፈለግ ግድ ነው። ቶሎ መቁረጥም ያስፈልጋል። ከኅዳር ጀምሮ የሚመጣውን ውርጭ የደብረ ብርሃን ሰው አይረሳውም፤ ባቄላውን ያቃጠለበት ጊዜ ብዙ ነው። ያደገ ጦስኝ ውርጭ ይችላል፤ እስከ 4,000 ሜትር የሚኖር ተክል ነው። አዲስ ቁራጭ ግን አይችልም። ጣሳውን ማታ ማታ ቤት ማስገባት ወይም ከላዩ ጆንያ መጣል ነው።

አምስተኛው ነጥብ፣ የጓሮ ጦስኝ ሽታ የለውም የሚለው፣ ላይ ላዩን ሲታይ እውነት አለው። ሽታው የቀነሰ የጓሮ ጦስኝ እኔም አውቃለሁ። ምክንያቱን ግን ጸሐፊው ራሳቸው ጽፈውታል፤ አላስተዋሉትም እንጂ። ፍግ የበዛበት አፈር ላይ ትከሉት ብለዋል። ጦስኝ ሲጠግብ ቅጠሉ ይሰፋል፣ ይለመልማል፣ ሽታው ግን ይሳሳል። ሽታውን የሚሰጠው ዘይት የሚጎለብተው ፀሐይ ሲያገኝ፣ አፈሩ ድንጋያማ ሲሆን፣ ውሃም ሳይበዛበት ነው። ጥላ ሥር ተክሎ፣ በየቀኑ አጠጥቶ፣ ፍግ አብዝቶ «ሽታ የለውም» ማለት ተክሉን መበደል ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ሥር ከያዘ በኋላ ሙሉ ፀሐይ ያለበትን፣ ከሌላው ከፍ ያለ ቦታ ስጡት። አፈሩ መረሬ ከሆነ ድንጋይና ጠጠር ከምራችሁ አሸዋ ቀላቅሉበትና በላዩ ላይ ትከሉት፤ ውሃው ሳይቆም ይወርዳል። ተክሉ ከጠነከረ በኋላ በበጋ አልፎ አልፎ ብቻ አጠጡት።

በቁራጭ ማባዛት ሽታን የሚያጠፋ ሳይሆን የሚጠብቅ መሆኑንም ልብ በሉ። ከዘር የበቀለ ጦስኝ ከእናቱ ሊለይ ይችላል። የጦስኝ ዘይት ከቦታ ቦታ፣ ከተክል ተክል ይለያያል፤ አንዱ ላይ ቲሞል ይበዛል፣ ሌላው ላይ ካርቫክሮል የሚባለው። ከቅርንጫፍ የበቀለው ግን ያው ራሱ እናቲቱ ናት። ስለዚህ ቅጠሉን በጣታችሁ እሹና አሽትቱ። ደስ ያላችሁን ምረጡ። ከዚያ ቁረጡ። በዘር የምትደክሙ ከሆነ ይህን መምረጥ አትችሉም፤ ዘሩም በጣም ደቃቅ ስለሆነ ትንሽ አፈር ከተጫነው አይወጣም።

ስለ ንቡ ብዙ አልልም። አዎ፣ ጦስኝ ሲያብብ ንብ ይመጣል። እኔ ይህን እንደ ጥቅም ነው የማየው። አበባ ላይ ያለ ንብ ሥራ ላይ ነው፤ ካልጨፈለቁት ወይም ካልረገጡት አይናደፍም። ንብ የሚቆጣው ቀፎውን ሲነኩበት ነው። ልጆች በባዶ እግር ከሚሮጡበት መንገድ ዳር አለመትከል ይበቃል። ቀፎ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ያመሰግናችኋል።

የመጨረሻው ነጥብ ገበያው ነው። ርካሽ ስለሆነ ግዙ ይላሉ ጸሐፊው። በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ያለፈ ሰው ጣርማ በር አካባቢ ልጆች እስር ጦስኝ ይዘው መኪና ዳር ሲቆሙ አይቷል። ደብረ ብርሃን ገበያም አለ። እስሩን ገልበጥ አድርጋችሁ ታቹን ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ ሥር አለው። አፈሩ እንኳን ያልተራገፈ። አንዲትን ሻጭ «እትዬ፣ ምነው ከነሥሩ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ልጄ፣ ሥር ሲኖረው ቶሎ አይጠወልግብኝም። እስሩም ሞላ ይላል፤ ሰው ሞላ ያለውን ነው የሚገዛው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ የምንገዛው እኛ ነን። ሥር የሌለውን እስር በተመሳሳይ ዋጋ የምንገዛ ከሆነ ነቅሎ ማምጣቱ ምን ይጠቅማቸዋል? መቁረጥ ከመንቀል ይቀላል፤ ያው ተክልም በሌላ ጊዜ እንደገና ይቆረጣል። ርካሽ የሚመስለን ዋጋው ውስጥ ተራራው ስላልተቆጠረ ነው። ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር ምድሩን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቅ የኖረ ነው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ሁሉም ያጭዳል፤ ከዚያ ይዘጋል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ከመጣ በኋላ ቢዳከምም ማኅበረሰቡ መልሶ አቋቁሞ ጓሳን እስከ ዛሬ አቆይቶታል። ሣሩን አጭዶ ሥሩን የሚተው ሕዝብ ጦስኙን ከነሥሩ ንቀል ሲባል ዝም ማለት የለበትም። በነገራችን ላይ ጓሳ ጥብቅ ቦታ ነው፤ እዚያ ገብቶ ቅርንጫፍ መቁረጥም ቢሆን በማኅበረሰቡ ፈቃድ ብቻ ነው።

የገበያውን ጦስኝ የገዛ ሰውም ቢሆን ሁሉንም ሻይ ከማድረጉ በፊት ጥቂት ይለይ። ዕለቱን የተቆረጠ ከሆነ ከእስሩ ውስጥ ለጋና ያልጠወለገ ጫፍ አይጠፋም። ቀድሜ በጻፍኩት መንገድ ትከሉት። ከነሥሩ የመጣም ከሆነ አትጣሉት። ከላይ ያለውን ቅጠል ከግማሽ በላይ ቁረጡለት፤ ትንሽ ሥር ትንሽ ቅጠል ነው መሸከም የሚችለው። አሸዋማ አፈር ላይ ትከሉና ሁለት ሳምንት ጥላ ሥር አቆዩት። አንዳንዱ ይተርፋል።

ጣርማ በር ወይም አንኮበር ለሌላ ጉዳይ የሚወጣ ሰው ደግሞ ምላጭ ይያዝ እንጂ መቆፈሪያ አይያዝ። ከአንድ ተክል ሁለት ሦስት ጫፍ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። የቆረጣችሁትን በርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አድርጉ። አትጫኑት፣ መኪና መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት። ቤት ስትደርሱ ከመሸም ችግር የለም፤ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ካደረ ጠዋት ይተከላል።